የሚሊዮን ግራ ጉንጭ

ያ ቅዳሜ ምን እንዳስከፈለኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነጋዴ ነኝና ዋጋ ሳልጠራ ዕቃ መዘርጋት አይሆንልኝም። የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ከመሃለኛው መጋጠሚያ ጀምሮ የለም። ሁለት የፊት ጥርሶቼ የሉም። ግራ ጆሮዬ ከዚያን ቀን ወዲህ የሚሰማው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው፤ ክረምት በጋ ሳይል ይዘንብበታል። በሳንጃ የተዘነጠሉትን ጋቢዎች አልቆጥራቸውም፤ ጨርቅ ጨርቅ ነው። ሌላም አንድ ወጪ አለ፤ እሱ ግን ከእኔ የወጣ አይደለምና መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ተካ እባላለሁ። በዚያን ጊዜ ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ዳር የምኖር የሸማ ነጋዴ ነበርኩ። በየሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጢጥ እያልኩ ነጠላና ጋቢ ከእጃቸው እቀበልና ለመርካቶ ሱቆች አስረክባለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ የሰው ፊት ነው። ገዢ "ውድ ነው" ብሎ ሲዞር ተረከዙን አይቼ ይመለስ እንደሆነና እንዳልሆነ እለያለሁ። አንድ ደንብም ነበረኝ፤ ተጣጥፎ የመጣ ጨርቅ አልገዛም። እዘረጋዋለሁ፣ ወደ ፀሐይ አነሳዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ እናወራለን። ሸማኔዎቹ "ተካ የገዛ እናቱን ቢያመጡለት ዘርግቶ ሳያይ አይስማትም" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከባለቤቴ ከአስካለ ያፈራሁት ልጅ አንድ ነው። ሚሊዮን ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ የነጋዴ ምኞት ነው፣ ምን ይደረግ። አብዮቱ ሲመጣ ጎረቤቶች ይህ የቡርዧ ስም ነውና ቀይርለት አሉኝ። ብቀይረውም ባልቀይረውም ለእሱ አንድ ነው፤ በየትኛውም ስም ብትጠሩት አይዞርም።

ሚሊዮን አይናገርም። የሰው ዓይን አያይም። የሚወደው ነገር ቀሰም ነው። ቀሰም ማለት ሸማኔ ማጉን ጠቅልሎባት መወርወሪያው ውስጥ የሚከታት፣ ከመቃ የተቆረጠች አጭር ቱቦ ናት። ያረጁትን እያመጣሁለት በየቁመታቸው ወለል ላይ ይደረድራቸዋል፤ አንዷን ብታዛንፉበት ቤቱ ይናጋል። መደርደሩን ሲጨርስ ደግሞ አንዷን አፉ ውስጥ ከቶ ሲያኝክ ይውላል። ዛሬ ሐኪሞች ኦቲዝም ይሉታል። ያኔ የሰፈሩ ሰው የየራሱን ስም ይሰጠው ነበር፤ ልጄ አጠገቤ ተቀምጧልና እዚህ አልጽፋቸውም።

አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል በቁመት በለጠኝ። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ጠቆር ያለ ነገር ብቅ አለ። በሌላ ዘመን ቢሆን እናት የምትደሰትበት ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ግን ወንድ ልጅ ቁመት ባይጨምር ይሻል ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ራሱን መምታት ጀመረ። በጡጫ፣ ግራ ጉንጩን። ድሮም ሲከፋው ራሱን የሚመታ ልጅ ስለሆነ ያልፍለታል ብለን ነበር። አላለፈለትም። ግድግዳ ሲያገኝ በግድግዳው፣ የበር መቃን ሲያገኝ በመቃኑ ሆነ። ቆዳው ተላጠ፣ ደማ፣ ደረቀ፣ እንደገና ደማ። ልንይዘው ስንጠጋ ይነክሰናል፤ የአስካለ ክንድ ላይ ያልታተመበት ቦታ አልነበረም። እህል ተወ። ገላው እንደ ምድጃ ጎን ይግላል። ጩኸቱ ሲመጣ ከጉሮሮው የሚወጣ አይመስልም፤ ከሆዱ ተቆፍሮ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

መልስ ፍለጋ ያላንኳኳነው በር አልነበረም። ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ከጠረጴዛው ማዶ ሲያየው ቆየና እንዲህ ያሉ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ፣ የተፈጥሮው ጠባይ ነው አለን። የሚያስተኛ ክኒን ሰጠን። ሚሊዮን ተኝቶም ጉንጩን ይመታል። የሰፈራችን ክሊኒክ ድሬሰር መርፌ ወጋው፤ ሚሊዮን ደግሞ ድሬሰሩን ነከሰው፤ ሒሳብ ተወራረዱ። አስካለ ጎትታ እንጦጦ ዳገት ላይ ወዳለ ጠበል አወጣችው፤ እኔም ተከተልኳቸው። እዚያ ነገሩ የባሰ መሰለን። ሚሊዮን ጠበሉን አፉን ሞልቶ ይጎነጭና አይውጠውም። ጉንጩ ተነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጸጥ ብሎ ይዞት ይቆያል። የቆመው ሰው ሁሉ "አየሽ፣ ያደረበት አላስውጥ አለው" አላት። አስካለ አለቀሰች። ውኃው ከእንጦጦ ዓለት ሥር የሚወጣ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ነበር። ልጁ በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ ጸጥ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያየነው ግን አለመዋጡን ነው፤ ጸጥታውን ያየ ሰው አልነበረም።

ቁስሉን በየቀኑ እናጥባለን፤ ጥጥ፣ ፋሻ፣ አዮዲን አይበቃንም። እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ። ከአንድ ሱቅ ደጋግመህ ስትገዛ መቸገርህ ይታወቅና ዋጋ ይጨመርብሃል። ስለዚህ ጥጡን ከፒያሳ፣ ፋሻውን ከአራት ኪሎ፣ አዮዲኑን ከመርካቶ መግዛት ያዝኩ። ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባም በጋቢ ጥቅል ሸፍኜ አስገባዋለሁ። አስካለ በበኩሏ ልጁ ሲጮህ ጎረቤት እንዳንረብሽ ብላ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች። በዚያ ዓመት ጥጥና አዮዲን ከየአቅጣጫው የሚለቅም፣ ሸፍኖ የሚያስገባ፣ ጩኸትን በሬዲዮ የሚያፍን ቤት ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ጥይት የመታው አናርኪስት ተደብቋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያላወቀ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያውም ብልጥ ነኝ ብዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ለገበያ ጥቅል እያሰርኩ ሳለ አራት የአብዮት ጥበቃዎች አጥሩን ገንጥለው ገቡ። በሩ ክፍት ነበር።

መሪያቸው ደምሴ ነው። ደምሴ ከአብዮቱ በፊት የእኔን ጥቅል ተሸክሞ መርካቶ የሚያደርስ ጎረምሳ ነበር። ሚሊዮን ትንሽ ሳለ በትከሻው ተሸክሞት ግቢውን ያዞረው ነበር፤ ሚሊዮን ከእናቱ ቀጥሎ እንዲነካው የሚፈቅድለት ሰው እሱ ነበር። ያኔ "ጋሼ" ይለኝ ነበር። ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ "አንተ" ሆኛለሁ፤ አብዮቱ ከእኔ የወረሰው የመጀመሪያው ንብረት ያ "ጋሼ" ነው።

"ቁስለኛው የት አለ?" አለኝ።

የምን ቁስለኛ ብዬ ሳልጨርስ የአንዱ ጠመንጃ ሰደፍ አፌ ላይ አረፈ። ሁለቱ ጥርሶች የሄዱት ያን ጊዜ ነው። አንደኛውን ተፋሁት፣ ሁለተኛውን ዋጥኩት። ከዚያ ጥቅሎቹን ጋቢ ውስጥ ሰው የተጠቀለለ ይመስል በሳንጃ ይወጉ ጀመር። ጨርቅ ሲወጋ አይጮህም፤ አስካለ ጮኸችለት። አልጋ ሥር ገብተው ጥጡንና ደም የነካውን የጨርቅ ክምር ጎትተው አወጡ።

"ይኼስ የማነው?"

የልጄ ነው አልኳቸው። ማን አቆሰለው አሉኝ። ራሱ አልኩ። ሳቁ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ስዋሽም ታምኛለሁ፤ እውነት ግን እንደዚያን ቀን ውሸት መስላ አታውቅም።

ሚሊዮን ጓዳ ነበር፣ ቀሰሞቹን ደርድሮ። በሩን በርግደው ሲገቡ አንደኛው በወታደር ጫማው ድርድሩን ረገጠው። ሚሊዮን ተነሳ። ጮኸ። ግራ ጉንጩን ሁለቴ ሦስቴ በጡጫ አለው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ቀደደና አፉ ውስጥ ከተተው። ይህን ማድረግ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ለስላሳ ነገር ሲያገኝ ያላምጥና በምላሱ እየገፋ ወደ ግራ ጉንጩ ይጠቀጥቀዋል።

"ጽሑፍ ዋጠ፣ ያዘው፣ ያዘው" አለ የረገጠው ሰው።

በዚያ ዘመን ሲያዙ የያዙትን ወረቀት የሚውጡ ልጆች ነበሩ። ወረቀት የዋጠ ልጅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። በእግርና በሰደፍ ወለሉ ላይ አጋደሙት፤ ሁለት ክንዱን ወደ ኋላ አጥፈው በሲባጎ አሰሩት። እጁ ሲታሰርበት አንገቱን ጠምዝዞ ጉንጩን ከገዛ ትከሻው አጥንት ጋር ማጋጨት ጀመረ። አስካለ እግሩን አቅፋ አልለቅም አለች። ጎኗን ረገጧት፤ አለቀቀችም። እጇን ረገጧት፤ ያን ጊዜ ጣቶቿ ራሳቸው ለቀቁ። እኔንና ሚሊዮንን እየነዱ ሲወስዱን ከኋላ በባዶ እግሯ ትከተለን ነበር። ከሰፈሩ ሰው በመስኮት ያላየ የለም፤ ከቤቱ የወጣ ግን አልነበረም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ስንት ሰው ሲያልፍ በመስኮት አይቻለሁ።

ቀበሌው ድሮ የአንድ ባለሀብት ቪላ ነበር። የመኪናው ጋራዥ እስር ቤት ሆኗል፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ደግሞ የምርመራ ክፍል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነና ውኃ ስላለ ለማጠብ ይመቻል። በቀጥታ እዚያ አስገቡን።

መርማሪው ከሌላ ቦታ ተልኮ የመጣ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ንጹሕ ሰው ነበር። ስሙን አልነገረንም። ሚሊዮንን ግን ስሙን ጠየቀው። ሚሊዮን ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ከማን ጋር እንደሚገናኝ ጠየቀው። ሚሊዮን ተወዛወዘ። እኔ ጣልቃ ገብቼ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ተናግሮ እንደማያውቅ ማስረዳት ስጀምር መርማሪው ዞሮ በጥፊ ግራ ጆሮዬን አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ ዝንብ እንደ መምታት ነው።

"የጠየቅሁት እሱን ነው" አለ።

ዝናቡ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ሚሊዮንን በሆዱ አስተኝተው ውስጥ እግሩን ገረፉት። ሁሉን አልዘረዝርም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ላላየው ደግሞ ባይነገረው ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። አለንጋው እግሩ ላይ ሲያርፍ ልጄ አይጮህም። ትንፋሽ ሊወስዱ ሲያቆሙ ግን ግራ ጉንጩን ሲሚንቶው ላይ ይፈጠፍጥና ያን ጊዜ ይጮሃል። መርማሪው ይህን በጥሞና አየ።

"ሠልጥኗል" አለው ደምሴን፣ በአድናቆት ዓይነት። "ሕመምን በሕመም ማፈን ተምሯል። ዓይን እንዳያይም ተነግሮታል።"

ልጄን የሠለጠነ ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ወደ ደምሴ ዞርኩ። አፌ በደም ተሞልቶ ስለነበር ቃሉ በቅጡ አይወጣም። "ደምሴ፣ አንተ ታውቀዋለህ። በትከሻህ ተሸክመኸዋል" አልኩት።

ደምሴ ጫማውን እያየ "እኔ የማውቀው የድሮውን ነው" አለ።

መርማሪው እጁን በመሐረብ ጠረገና ውሳኔውን ነገረን። ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ይመጣል። ልጁ እስከዚያ ድረስ ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበረ ከተናገረ ይቀራል፤ ካልተናገረ ይጫናል፣ እኔም አብሬው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ "እማ" ብሎ የማያውቅ ልጅ ሕይወቱ በንግግሩ ላይ ተንጠለጠለ። ኪሳራው አስቀድሞ የታወቀ ገበያ ማለት ይህ ነው።

ጋራዡ ውስጥ ጣሉን። ጨለማ ቢሆንም በቆርቆሮው ቀዳዳ ብርሃን ይገባል። ግድግዳውን ተደግፈው ከተቀመጡት መካከል አንድ ሹራብ የለበሰ ወጣት ነበር፤ ተማሪ ይመስላል፣ እግሩ ከማበጡ የተነሳ ጫማ የሚባል ነገር አያስገባም። ሚሊዮን አጠገቡ ወደቀና ጉንጩን ወለሉ ላይ ማጋጨት ቀጠለ። ወጣቱ አልሸሸም። እየተንፏቀቀ ቀረበና ሹራቡን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ከጉንጩ ሥር አደረገለት።

"ጋሼ፣ ልጅዎ ይግላል" አለኝ።

እንደታመመ ነገርኩት። ስለ መኪናው ስጠይቀው ሁለት ጊዜ ሲመጣ አይቷል፤ ተጭኖ የተመለሰ ሰው ግን አላየም። ይህን ሲነግረኝ ስለ ሌላ አገር የሚያወራ ያህል ረጋ ብሎ ነው። ከዚያ ሚሊዮንን ሲያየው ቆየ። ሰው እንዲህ ረጅም ጊዜ ልጄን ሲያየው አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም አንዴ ያይና ፊቱን ያዞራል። ለነገሩ ወጣቱ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

"የገረመኝ መምታቱ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "ቀኙን አለመምታቱ ነው። ታስሮ እንኳ አንገቱን ጠምዝዞ ግራውን ይፈልጋል። ዝም ብሎ የሚመታ ሰው አይመርጥም፣ ጋሼ። አፉን ከፍታችሁ አይታችኋል?"

እንደሚነክስ፣ ሐኪም እንኳ እንዳልደፈረው ነገርኩት።

"ሽታውስ?" አለኝ።

ሽታውን የቁስሉ ነው ብለን ነበር። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ያ የእንጦጦ ውኃ ፊቴ ድቅን አለ። ጉንጩ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ጸጥ ብሎ። የያዘው ውኃውን አልነበረም፤ ቅዝቃዜውን ነበር።

በዚህ መካከል የመኪናው ድምፅ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ወጣቱን አስነሱት፤ መቆም ስላልቻለ በብብቱ ያዙት። ሹራቡን ሊያነሳ አልሞከረም። ከዚያ እኛን፤ ሹራቡን አንስቼ የሚሊዮን አንገት ላይ ጠመጠምኩለት።

ግቢው ውስጥ መርማሪው ከመኪናው አጠገብ ቆሟል። ወጣቱን መኪናው ላይ ወረወሩት። ተራው የሚሊዮን ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የነበረኝ ሙያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን አወጣሁት።

"ጓድ" አልኩት፣ "እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ተጣጥፎ የመጣ ጨርቅ ሳልዘረጋ ገዝቼ አላውቅም። ይህ ልጅ ወረቀቱን አልዋጠውም። አሁንም አፉ ውስጥ ነው፤ ጉንጩን ይዩት። ሳያዩ ቢጭኑት የበላይ አካል 'ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?' ብሎ ሲጠይቅዎ ምን ሊመልሱ ነው?"

የሚሊዮን ግራ ጉንጭ እውነትም እንደ ትልቅ ሎሚ ወጥሯል። መርማሪው አየው። ሰዓቱን አየ። "ጫኑት" ብሎ ወደ ቢሮው ዞረና ሁለት እርምጃ ሄደ። እኔ ፊቱን አልነበረም የማየው። ሦስተኛውን እርምጃ ሊወስድ ሲል ተረከዙ ዘገየ።

ተመለሰ።

ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወሰዱን። ደምሴ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የሚሊዮንን ጭንቅላት በጭኖቹ መካከል ያዘ፤ ሁለት ጥበቃዎች እግሩ ላይ ተቀመጡ። አንደኛው ሳንጃ አወጣ፤ በሱ እንፈልቅቀዋለን አለ። በእጄ አልኩ። መርማሪው ፈቀደ፤ ለእሱ የሰው ጣት ምኑ ነው።

ሌባ ጣቴን በቀኝ በኩል በከንፈሩ ጥግ አስገባሁና ወደ ኋላ ጥርሶቹ ገፋሁ። ሚሊዮን ነከሰ። ልጄ ከዚያ በፊት ሲነክሰኝ ለማስለቀቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ለመቁረጥ ነው። እጄን ለመንጠቅ ገላዬ በሙሉ ተነሳ። ግን ጣቴ ከወጣ አፉ ይዘጋል፤ አፉ ከተዘጋ መኪናው አለ። ጥርሱና ጥርሱ መካከል ያለው ሽብልቅ የእኔ ጣት ነው። ስለዚህ አላወጣሁትም። አጥንቱ ሲሰበር በደህናው ጆሮዬ ሰማሁት።

"እዩ" አልኩ። "አሁን እዩ።"

ደምሴ ባትሪ አበራ። መጀመሪያ የወጣው ወረቀቱ ነው። መርማሪው በእርሳስ ጫፍ እየለየ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ከዘረጋው በኋላ ረጅም ጊዜ አነበበው። የኳስ ጨዋታ ውጤት ነበር። ልጄ የፊት ገጹን ከነሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ አኝኮ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ሽታው መጣ። መርማሪው መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ሸሸ። አንዱ ጥበቃ አስመለሰው። በዚያ ክፍል ስንት ነገር ያሸተቱ ሰዎች ናቸው። ደምሴ ግን ባትሪውን አስጠግቶ አጎነበሰ።

"እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ" አለ። "ድዱ ውስጥ። እንጨት ይመስላል።"

ጠረጴዛው ላይ ፒንሳ ነበር። በዚያ ክፍል ፒንሳ ለምን እንደተቀመጠ አልነግራችሁም። ደምሴ እጁን ዘርግቶ አነሳው። ለአፍታ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ አስገባው፣ ያዘ፣ ሳበ።

የወጣው ነገር የጥፍር ያህል ርዝመት ያለው የመቃ ስንጥር ነው። ቀሰም። ሲያኝክ ተሰንጥቆ በኋለኞቹ ጥርሶች መካከል ወደ ታች ሰርጿል፤ ድዱ ላዩ ላይ ገጥሞበታል፣ ውስጥ ውስጡን መንጋጋው በስብሷል። አብሮት አንድ ጥርስ መጣ፣ ከሥሩ የጠቆረ። ቀጥሎ መግሉና ደሙ የደምሴን መዳፍ ሞልቶ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ሚሊዮን አንዴ ጮኸ፤ ግቢው ውስጥ የመኪናውን ሞተር ድምፅ የሸፈነ ጩኸት። መንጋጋው ላላ። ጣቴን ሳወጣው ከመሃሉ ወደ ላይ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር።

ደምሴ በሳንጃው ሲባጎውን ቆረጠለት። ሚሊዮን ቀኝ እጁን አነሳ። ሁላችንም ጡጫውን ጠበቅን። እጁን ግራ ጉንጩ ላይ አሳረፈው፤ አልመታውም፣ አሳረፈው። ደሙ በጣቶቹ መካከል ይወርዳል። ከዚያ ጭንቅላቱን የደምሴ ጭን ላይ አመቻቸና እንቅልፍ ወሰደው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ራሱን የሳተ እንጂ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። መርማሪው ለዚህ የተዘጋጀ ጥያቄ አልነበረውም። ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ።

"አስነሱት" አለ መርማሪው።

ደምሴ አልተነሳም። "ጓድ፣ ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። ከልጅነቱ አይናገርም። አባቱ ያለው እውነት ነው" አለ።

"ጠዋት ለምን አልተናገርክም?"

"ጠዋት ፈርቼ ነበር።"

"አሁንስ?"

ደምሴ ጭኑ ላይ የተኛውን ጭንቅላት አየ። "አሁንም" አለ።

መርማሪው የኳሱን ውጤት አንዴ አየ፣ ወለሉን አንዴ አየ። ጥሩንባው ደገመ። "ይህን ከዚህ አውጡልኝ፤ ይሸታል" አለና ወጣ። የነፃነት ወረቀታችን ይህ ነበር።

ሚሊዮንን ደምሴ በትከሻው ተሸከመው፤ እንደ ድሮው። በረንዳው ላይ ስንደርስ መኪናው እየዞረ ነበር። ወጣቱ ያለ ሹራቡ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። አየን። ግራ እጁን አንስቶ የገዛ ግራ ጉንጩን ነካና ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ መጠየቁ ነው። ራሴን ነቀነቅሁለት። ፈገግ አለ፤ አንድ ጥያቄ የመለሰ ተማሪ ፈገግታ። መኪናው ከበሩ ወጣ።

ስሙን ለመጠየቅ የታሰበኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ደምሴ ከቀበሌው አጥር ውጭ ሚሊዮንን መሬት ላይ አስቀመጠውና "ጋሼ፣ በዋናው መንገድ እንዳይሄዱ" አለኝ። "እርስዎ" ሆንኩ። አስካለ ከጠዋት ጀምሮ የተሰበረ እጇን በነጠላዋ አስራ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ልጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አልጠየቀችም። ሁለታችን በሁለት ደህና እጅ፣ አንድ አንድ አዋጥተን ተሸክመነው ገባን።

ያ የተነከሰው ድሬሰር ማታ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ተደብቆ መጣ፤ የሚሊዮንን አፍ አጠበ፣ ፔኒሲሊን ወጋው፣ የእኔንም ጣት ቆርጦ ጨረሰው። ሚሊዮን ተኝቶ ዋለ፣ አደረ፣ ደግሞ ዋለ። ሲነሳ አስካለ ዳቦ በሻይ ነክራ ሰጠችው። በላ። በቀኝም በግራም እያላመጠ በላ። አስካለ ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ሚሊዮን ከዚያ ሄዶ የተረገጡትን ቀሰሞች መደርደር ጀመረ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቅዳሜ ልጄን አላናገረውም። ዛሬም አይናገርም። እኔን ግን ቀየረኝ። ከዚያ በፊት ልጄ የሚያደርገው ሁሉ የተፈጥሮው ነው ብዬ አምን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሲጮህ "ምን ሆነ?" ሳይሆን "የት ነው?" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ጆሮውን አያለሁ፣ ሆዱን እጫናለሁ፣ እግሩን እገለብጣለሁ። አንዴ የጫማ ሚስማር አገኘሁ፣ አንዴ ጆሮው ውስጥ መዥገር። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ስሙን ከማንም ተቀበሉ፣ ከሐኪምም ከጎረቤትም፤ ስሙን ከተቀበላችሁ በኋላ ግን ልጁን ዘርግታችሁ ሳታዩት ወደ ቤት አትመለሱ። ስም የተሰጠው ልጅም ጥርሱን ያመዋል። የእኔን ልጅ አፍ ከፍቶ ያየው ወረቀት የፈለገ ሰው ነው። ይህን ስጽፍ እስቃለሁ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አይሄድም።

ደምሴን ከጥቂት ወራት በኋላ የገዛ ጓዶቹ ከዚያው ጋራዥ ጫኑት፤ በምን እንደሆነ አልተነገረም። ለእናቱ አንድ ያልተወጋ ጋቢ ይዤ ሄድኩ። ስለ ወጣቱ በየመንደሩ ጠየቅሁ፤ ልጅ የጠፋባቸው እናቶች ብዙ ስለነበሩ "ሹራብ ለብሶ የወጣ" ስል ሁሉም ተነሱ። ሹራቡን ለሁሉም ዘርግቼ አሳየሁ። አንዷም የእኔ ልጅ ነው አላለችም፤ ሁሉም ግን ነክተውት ሄዱ። አስካለ አጥባ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እሷ ካረፈች ወዲህ በየዓመቱ ፀሐይ ላይ የማሰጣው እኔ ነኝ።

ሒሳቡ ይኸው ነው። የወጣ፦ አንድ ጣት፣ ሁለት ጥርስ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ የሰው ልጅ። የገባ፦ ሚሊዮን። በእጅ ያለ፦ አንድ ሹራብ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ።